ማዕድ ያገለገለው ፊልጶስና የእኛ እሑድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ በዚህች በቤይሩት ከተማና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ወደ ተራራውም ወደ ደቡቡም ርቃችሁ ቅዳሴ የምትናፍቁ፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ይህን መልእክት በስልካችሁ የምታነቡ ሁሉ፦

ጥቅምት 14 ሲመጣ አብዛኞቻችን የምናስበው ጻድቁን አቡነ አረጋዊን ነው፤ መርዓዊ ገብረ ክርስቶስንም እናስባለን። የተገባ ነው። ነገር ግን ስንክሳሩ በዚያው ዕለት ሌላም ሰው ያነሣል፤ በበዓሉ ብዛት ተሸፍኖ ብዙ ጊዜ ሳንጠራው ያልፋል። እርሱም ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ፊልጶስ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጥቅምት 17 ደግሞ የባልንጀራው የሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስ ሢመት ይከበራል። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ ተመርጠዋል፤ ሥራውም ምግብ ማደል ነበር።

ዛሬ ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ስለምናደርገው የእሑድ አገልግሎት ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። የማታውቁት ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ አካባቢ ልጆቻቸው ተሰድደው ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያን አሉ። አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ይመነዘርበት የነበረው ዘመን ከ2019 ወዲህ አልፎ ዛሬ ወደ 90,000 ሊራ ደርሷል። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት በባንክ ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ አምስተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ ይውላል። ከእናንተ መካከል ፈቃደኞች የሆናችሁ ሾርባ ሠርታችሁ፣ ውኃ ተሸክማችሁ ያን ደረጃ ትወጣላችሁ። ሌሎቻችሁ ሆስፒታል የተኙትን እኅቶች ትጠይቃላችሁ፣ ዐረብኛ ለማይችሉት ታስተረጉማላችሁ። በአገልግሎቱ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆቻችን አሉ፤ ከሱዳን የመጡ ወንድሞች አሉ፤ የሰፈሩ የአርመን ወጣቶች አሉ፤ ፊሊፒናውያን እኅቶችም ያግዙናል።

በዚህ ጉዳይ አንዲት እኅት እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «አባ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የእነርሱን አሮጊት አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ያለችኝ አንዲት እሑድ ናት። በእሷም ሄጄ ሌላ አሮጊት ላጥብ? ያውም በነጻ?»

ይህ ጥያቄ ተግሣጽ አይገባውም። ከድካም የወጣ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱም በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ፊልጶስን ይዘን ቀስ ብለን እንሂድ።

ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ አለ። የኢየሩሳሌም ምእመናን ያላቸውን አንድ አድርገው ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። ከመካከላቸው በአገሩ ቋንቋ የሚናገሩ የአገሩ ልጆች አሉ፤ ከባሕር ማዶ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ አፋቸውን በግሪክ ቋንቋ የፈቱም አሉ። ከእነዚህ ከውጭ ከመጡት ወገን የሆኑት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በየቀኑ ከሚታደለው ምግብ ተረሱ። መጽሐፉ ማን እንደረሳቸው አይናገርም። ክፋት ላይሆን ይችላል። አዳዩ ስማቸውን መጥራት አቅቶት፣ ቤታቸውን ሳያውቅ ቀርቶ፣ እነርሱም በማያውቁት ቋንቋ ለመጠየቅ አፍረው ሊሆን ይችላል። በወረፋ ቆሞ ስሙ ተጣምሞ ሲጠራ የእርሱ መሆኑን ሳያውቅ ተራው ያለፈበት ሰው ከመካከላችን ስንት አለ! ያን ቀን ደጅ ቆማችሁ የቀራችሁ ሁሉ የእነዚያን ሴቶች ነገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ትተረጉሙታላችሁ።

ማጉረምረም ተሰማ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን «ምስጋና ቢሶች» ብለው አልዘለፉም። ነገሩን ሸፋፍነውም አላለፉም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም እስቲ ተመልከቱ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። የመጨረሻው ኒቆላዎስማ የአንጾኪያ ሰው ነበር፤ በትውልዱ አይሁዳዊ እንኳ አልነበረም። እንግዲህ ጭልፋው የተሰጠው ተረሳን ላለው ወገን ነው። የተበደለው ያድል ተባለ። ይህን ያደረጉት የጌታ ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ፈርተው ሳይሆን ፍርድ ዐውቀው ነው።

ደግሞ የምርጫውን መስፈርት እዩ። ምግብ ለማደል የተፈለገው ጉልበተኛ ወይም ሒሳብ ዐዋቂ ብቻ አይደለም። በሰው ዘንድ የተመሰከረለት፣ ጥበብና መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው ነው የተፈለገው። እጅም ተጭኖባቸው ተሾሙ። በመጀመሪያው የግሪክኛ ጽሑፍ ለማዕዱ ማገልገልም፣ ሐዋርያት ለራሳቸው ላስቀሩት ለቃሉ ማገልገልም የገባው ቃል አንድ ነው። ዲያቆን የሚለው ስም የወጣውም ከዚያው ቃል ነው፤ አገልጋይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በዚህ አገር ልባችሁን ከሚያቆስሉት ቃላት አንዱ «ኻዳሜ» የሚለው እንደሆነ እናውቃለን። አንዳንድ ሰው በልጁ ፊት፣ በእንግዳው ፊት ስም እንደሌላችሁ አድርጎ ይጠራችኋል። ነገር ግን የአገሩ ክርስቲያኖች በቤተ ክርስቲያናቸው የሚያገለግለውን «ኻድም» ይሉታል፤ አገልግሎቱን ደግሞ «ኺድማ»። ሥሩ አንድ ነው። በእኛም አገር በድግስና በማኅበር ላይ ውኃ የሚቀዳውን፣ እንጨት የሚፈልጠውን «ካዳሚ» እንለው የለም? በአማርኛ ካዳሚ መባል ስድብ አይደለም። ቃሉን ስድብ ያደረገው የጠሪው ልብ ነው።

ይህን ስንል ግን አንድ ነገር እንዲምታታ አንፈልግም። ደሞዝ መከልከል አገልግሎት አይደለም። ፓስፖርት መቀማት፣ በር ቆልፎ ማዋል፣ ያለ ዕረፍት ማሠራት፣ እጅ ማንሣት አገልግሎት አይደለም። ካፋላ የሚሉት ሥርዓት ሰውን በአሠሪው እጅ ላይ ያስራል፤ በ1946 የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። ከሰው ተነጥቆ የተወሰደ ድካም በእግዚአብሔር ፊት ጩኸት ነው፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስላልተከፈለ የሠራተኛ ደሞዝ የጻፈውን አንብቡ። «ስለ ጽድቅ ብለሽ ቻይው» ብሎ የሚመክር ሰው ቢመጣባችሁ ያ ምክር ከእኛ አይደለም። የምትበደሉ ዝም አትበሉ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደውሉ። አሁን የምንነጋገረው ከዚያ ስለሚለይ ነገር ነው፤ ማንም ሳያስገድደን በገዛ ፈቃዳችን ስለምንሰጠው።

ወደ ፊልጶስ እንመለስ። እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ገዳዮቹ ልብሳቸውን ያስቀመጡት ሳውል በሚባል ጎልማሳ እግር አጠገብ ነበር። ስደት ተነሣ፤ ሳውል በየቤቱ እየገባ ክርስቲያኖችን ይጎትት ጀመር። ፊልጶስም ከኢየሩሳሌም ወጣ፤ ያ የተሾመበት ማዕድ ተበተነ። ስደተኛ ሆኖ ወደ ሰማርያ ሄዶ እዚያ አስተማረ። ከዚያ መልአኩ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ ላከው። በዚያ መንገድ ላይ ማን እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ አባቶቻችን ባኮስ የሚሉት፣ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ክፍል በየዓመቱ ስንሰብክ ስለ ጃንደረባው ብዙ እንናገራለን፤ የእኛ ስለሆነ። ወደ እኛ የተላከው ሰው ማን እንደነበር ግን ብዙ አንጠይቅም። ከሐዋርያት ከጴጥሮስ ወይም ከዮሐንስ አንዱ መላክ ይችል ነበር። የተላከው ቋንቋቸው ለማይሰማላቸው እንግዶች ወጥ ሲጨልፍ የነበረው ዲያቆን ነው። ባዕድን ማገልገል በዚያ ማዕድ የተማረ ሰው፣ መልኩ የተለየውን፣ ከሩቅ አገር የመጣውን ሰው ሲያይ አልተሸማቀቀም፤ ሮጦ ደረሰበት፣ ከጎኑም ተቀመጠ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጥምቀት የተፈጸመው በማዕድ አገልጋይ እጅ ነው።

የፊልጶስ ነገር በዚያ አያልቅም። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በምዕራፍ 21 ላይ እንደገና እናገኘዋለን። በቂሳርያ ቤት ይዟል፤ አራት ልጆች አሉት። ስሙ ሲጠራ አሁንም «ከሰባቱ አንዱ» ተብሎ ነው፤ ያ የጭልፋ ሹመት አልተረሳም። አንድ ቀን እንግዶች መጡበት። ከእንግዶቹ መካከል ጳውሎስ አለ፤ የቀድሞው ሳውል ማለት ነው። የባልንጀራው የእስጢፋኖስ ደም ሲፈስ ልብስ የጠበቀው፣ ፊልጶስን ራሱን ከቤቱ ያሰደደው ሰው ደጁ ላይ ቆመ። ፊልጶስ በሩን ከፈተ፣ አሳደረው፤ ብዙ ቀንም በቤቱ ተቀመጠ። በመጀመሪያው እራት ላይ ምን ተባባሉ ይሆን? አልተጻፈልንም። እንጀራውን የቆረሰው ግን ፊልጶስ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ ያች እኅት ለጠየቀችው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው። ሳውል ከፊልጶስ ቤቱንና ሰላሙን ወስዶበት ነበር። በቂሳርያ ግን ማንም ምንም አልወሰደበትም፤ ፊልጶስ ሰጠ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጉልበትሽ በውል የተሸጠ ነው፤ አንዳንዴም ከውሉ በላይ ይወሰዳል። ማዳም «ነይ» ትላለች፣ ትመጫለሽ። እሑድ የዚያችን አርመናዊት አሮጊት ደጅ ስታንኳኪ ግን የላከሽ የለም፤ ብትቀሪ የሚቆጣሽ የለም። ደረጃውን የምትወጪው እንደ ሰው፣ እንደ ክርስቲያን፣ እንደ ጎረቤት ነው። በሯን ስትከፍት የምታየው የተቀጠረ ሰው ሳይሆን የመጣላትን እንግዳ ነው። ሥራው አንድ ይመስላል፤ ውኃው ያው ውኃ፣ ሾርባውም ያው ሾርባ ነው። ነገር ግን አንዱ ከእጅሽ የተወሰደ፣ ሌላው ከእጅሽ የወጣ ነው።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው ያነሰ አይደለም፦ እንቅልፍ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ተኚ። ሳምንቱን በሙሉ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት ጎንሽን ያላሳረፍሽ ከሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞችሽ ጋር ቡና ጠጪ፤ እናትሽን በስልክ አግኚ፣ እግርሽን ዘርጊ። እግዚአብሔር ዕረፍትን የሠራው ለአሠሪ ብቻ አይደለም፤ በኦሪት ሕግ አገልጋይና ገረድ፣ በደጅ ያለው መጻተኛም እንዲያርፉ በስም ተጠቅሰዋል። ባልመጣችው እኅት ላይ ማንም ጣት እንዳይቀስር። ሰው በወቀሳ የሚመጣበት አገልግሎት ሌላ ካፋላ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «እኛ ራሳችን ተረጂ አይደለንም ወይ? ለዚህ ከተማ ምን ዕዳ አለብን?» ብላችኋል። የ2012 ዓ.ም. ሰኔ ትዝ ይላችኋል፤ ገንዘቡ ሲወድቅ አሠሪዎች እኅቶቻችንን ከነሻንጣቸው በቆንስላው ደጅ ጥለው የሄዱበት ወር። በአስፋልቱ ላይ ስንት ሌሊት ታደረ! ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ሐምሌ 28፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 2020፣ ወደቡ ፈነዳ። 2,750 ቶን የአሞንየም ናይትሬት ነው የተባለው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ከ6,000 በላይ ቆሰለ፣ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱ ፈረሰበት ወይም ተጎዳበት። ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል የእኛም የሌሎችም አገሮች ስደተኞች ነበሩ። በማግስቱ ግን በገማይዜ፣ በማር ሚካኤልና በካራንቲና መንገዶች ላይ መስታወት ሲጠርግ የታየው ማን ነበር? መጥረጊያና አካፋ ይዞ የወጣው በአብዛኛው የከተማው ወጣት ነው፤ ከመካከላቸው ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ስደተኞችም ነበሩ። ያን ቀን መጥረጊያው የኻዳሜ ምልክት አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪም፣ የሐኪሙ ልጅም፣ የቤት ሠራተኛዋም አንድ መንገድ ጠረጉ።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ ከደቡብና ከዳሕየ ብዙ አሠሪዎች ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ትተው ሄዱ፤ ቤት የተቆለፈባቸውም ነበሩ። ወደ መጠለያ የሄዱት በየቦታው «ይህ ለሊባኖሳውያን ነው» ተብለው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ በአሽረፊዬ ያለው የኢየሱሳውያን መነኮሳት የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎችም አገሮች ለመጡ ስደተኞች በሩን ከፈተ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከድሮም በእሑድ የስደተኞች መሰብሰቢያ ነበር። ኅዳር 18 ተኩስ እስኪቆም፣ ከዚያም በኋላ ስንቶች በዚያ ተጠለሉ። እውነት እውነት ነው፣ መመስከር አለብን።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ጥያቄም መጥቷል፤ «ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር ማገልገል ሥርዓታችን ይፈቅዳል ወይ?» የሚል። ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ከአርመኖች፣ ከሶርያውያንና ከግብጻውያን ጋር በእምነት አንድ ነን፤ አባቶቻችን በ1965 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ከሌሎቹ ጋር በቅዱስ ቊርባን አንድነት የለንም፤ ጽዋው ላይ አንቀላቀልም። ድስት ግን ጽዋ አይደለም። የተራበ ሰው ሲመጣ ሽንኩርቱን የከተፈው ካቶሊክ ነው ወይስ ፕሮቴስታንት ነው ብሎ መመርመር ከየት የመጣ ትምህርት ነው? በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊ ነበር፤ ጌታም እንዲህ አድርግ ብሎ የላከን የእርሱን አርአያ አሳይቶ ነው። ሃይማኖታችሁን ጠብቁ፣ ስትጠየቁም መስክሩ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱን አብራችሁ ክተፉ።

ስለ አርመኖች ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር፤ ደረጃቸውን የምትወጡላቸው አረጋውያን ማን እንደሆኑ ብታውቁ መልካም ነው። ከ1915 ጀምሮ በወገናቸው ላይ ከወረደው እልቂት የተረፉት በ1920ዎቹ ቤይሩት ሲደርሱ ያረፉት በካራንቲና ነበር፤ በድንኳንና በቆርቆሮ። ኋላ ከወንዙ ማዶ ያለውን ረግረግ ቦታ ቡርጅ ሐሙድን ከተማ አደረጉት፤ ሰፈሮቹንም በጠፉባቸው ከተሞች ስም ማራሽ፣ ሲስ፣ አዳና አሏቸው። የኪልቅያው ካቶሊኮስ መንበርም ከ1930 ጀምሮ እዚሁ በአንቴልያስ ነው። ዛሬ እናንተ ተከራይታችሁ የምትኖሩበት ጠባብ ክፍል የትናንት ስደተኛ የሠራው ነው። በዚያው ዘመን በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ በአርመን ገዳም የተጠለሉ አርባ የሙት ልጆችን አይተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። ሽማግሌዎቻችን «አርባ ልጆች» ይሏቸው ነበር፤ የማርሽ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዘመኑን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አንዱ የሌላውን የሙት ልጅ ያሳድጋል፤ ዘመን ሲገለበጥ ደግሞ የዚያኛው ልጅ ለዚህኛው ሽማግሌ ውኃ ይሸከማል። ዕዳ ነው አንልም፤ ጉርብትና ግን ነው።

«ከምን ላይ እንስጥ?» ላላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ከሳይዳ ወደ ሱር ስትወርዱ በመንገድ ላይ የምታገኟት ሳራፋንድ የመጽሐፍ ቅዱሷ ሰራፕታ ናት። በዚያ የነበረችው መበለት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። ከሌላ አገር የሸሸ፣ ከሌላ ሕዝብ የሆነ ነቢይ መጥቶ ከእሱ አካፍይኝ አላት። ለነቢዩ ሰጠች፤ ዱቄቱም ዝናብ እስኪዘንብ አላለቀም። እኛ ካህናቱ ይህን ታሪክ በንባብ ብቻ አላወቅነውም። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግበን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ደጅ ስንቆም ቁራሽ የሰጡን ሀብታሞች አልነበሩም። ጎተራቸው የጎደለ ገበሬዎች፣ ለልጆቻቸው ያልበቃቸው እናቶች ነበሩ። ዛሬ በዚህ መቅደስ የሚሰማው ቅዳሴ በእነዚያ ድሆች እንጀራ የተማርነው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ነገሩ ያለ ሥርዓት ከሄደ ይበላሻልና። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ባስተማረው አንድ ስብከት፣ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን 3,000 መበለታትንና ደናግልን በመዝገብ ይዛ በየቀኑ ትረዳ እንደነበር ይናገራል፤ እስረኛው፣ በሽተኛውና እንግዳው ሳይቆጠር ማለት ነው። ገቢዋ ግን የታላላቅ ባለጠጎችን ያህል አልነበረም። ልብ አድርጉ፣ መዝገብ ነበራት። የእኛም መዝገብ እንደ ሰባቱ ዲያቆናት ዘመን ይያዝ። በጦርነቱ ጊዜ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሲታደል «ለእነ እገሌ ደረሰ፣ ለእኛ ወገን አልደረሰም» የሚል ቃል ተሰምቶ ነበር። በአገር ቤት ያለው እሳት ጢሱ እስከዚህ እንደሚደርስ እናውቃለን፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ተናጋሪውን ዘረኛ ብሎ ከመሳደብ በፊት መዝገቡን ማየት ይቀድማል። ከእንግዲህ መዝገቡን የሚይዙት ሦስት እኅቶች በሦስት ቋንቋ ይሆናሉ፤ አንዷም ቅር ካላቸው ወገን ትመረጣለች። ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ በሁሉ ፊት ይነበባል።

ሌላው የስልክ ነገር ነው። ሾርባ ስትሰጡ ፎቶ አታንሡ። ቲክቶክ ላይም አታውጡ። ጌታ ስለ ምጽዋት ሲያስተምር ግራ እጅ የቀኙን ሥራ እንዳያውቅ አዝዟል፤ ስልካችሁም ከግራ እጅ ይቆጠራል። ከዚያም በላይ፣ ከአሠሪ ቤት ወጥታ ያለ ኢቃማ የምትኖር እኅት ፊቷ በቪዲዮ ቢታይ ምን እንደሚደርስባት እናንተ ታውቃላችሁ። ያች የታጠበች አሮጊትም የሰው እናት ናት፤ ካናዳ ያለው ልጇ እናቱን በዚያ መልክ ማየት የለበትም። ወረቀት የሌላችሁ ልጆቻችን ደግሞ ኬላ ወዳለበት መንገድ አትውጡ። በጎ ሥራ ለመሥራት ስትሉ እንድትታሰሩ አንፈልግም፤ በጓዳ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ።

ከቤት መውጣት የማይፈቀድላችሁ፣ እሑድ የሌላችሁ እኅቶች ይህን ስታነቡ «የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?» እንደምትሉ እናስባለን። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ ያለችውን ልጅ አስቡ። ከእስራኤል ተማርካ በሶርያው አለቃ በንዕማን ቤት ለሚስቱ ታገለግል ነበር። ስሟ አልተጻፈም። የዕረፍት ቀን አልነበራትም፤ ደሞዝም አልነበራትም። ጌታዋ ለምጽ እንደያዘው ባየች ጊዜ ግን ደስ አላላትም፤ በሰማርያ ያለውን ነቢይ ለእመቤቷ ነገረቻት። ያ የአንዲት ደቂቃ ንግግር ነው። ኃያሉ ሰው ሠረገላውን አስነሥቶ የሄደው በእሷ ቃል ነው። ማንም ያን ቃል ከእሷ በግድ ሊያወጣው አይችልም ነበር፤ ሳትናገር ብትቀር ማን ያውቅባታል? እናንተም በተቆለፈ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ማንም ሊያዝዘው የማይችል አንድ ነገር በእጃችሁ አለ። ለታመመችው እኅት በሌሊት የምትልኩት የድምፅ መልእክት፣ ስማቸውን ለማታውቁት አረጋውያን የምትጸልዩት አቡነ ዘበሰማያት በመዝገባችን ባይጻፍም በሌላ መዝገብ ይጻፋል።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ እንገናኝ። ጽጌ ጾምን የያዛችሁ የምስር ሾርባውን ሥሩ፤ ለአረጋውያኑ ስለሆነ ጨውና በርበሬ ይቀነስለት። የፕላስቲክ ጀሪካን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ትግርኛና ኦሮምኛ የምትናገሩ፣ ለመዝገቡ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከቅዳሴ በፊት ስማችሁን ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስጡ። ጥያቄውን ያነሣሽው እኅታችን ደግሞ ብትመጪም ብትተኚም በሰላም ያግናኘን፤ ቡናው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።